ለጋሼ ቀስ፣ መንጃ ፈቃድ ለሌለው

ውድ አባባ፣

ይህን ደብዳቤ አንተ ራስህ እንደማታነበው አውቃለሁ። የቀረችህ ግራ አይንህም እንደጠፋች፣ እዚያ እስር ቤት ምግብ ልትቀበል ስትሄድ የሰው ትከሻ ይዘህ እንደሆነ እማማ ነግራኛለች። ስለዚህ የሚያነብልህን ሰው አስቀድሜ ልለምነው። ወንድሜ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ ግን እባክህ አንድም ቃል እንዳትዘል። የመረረውን አታጣፍጥለት፣ ድምፅህንም አትቀንስ። አጠገባችሁ ያሉት ቢሰሙ ግድ የለም። አባቴ ስለ እኔ ሲያወራ ድምፁን ቀንሶ አያውቅም።

እማማ ባለፈው እሁድ መጥታ ነበር። ሻይ አቀረብኩላት፤ ሳትነካው ቀዘቀዘ። ከእስር ልትፈታ እንደሆነ የነገረችኝ የራሷን ጫማ እያየች ነው።

«ወንድምሽ ቤት ቦታ የለም። ሚስቱም አይነ ስውር አላስታምምም ብላለች። ያለሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«እሱ ራሱ ነው የላከሽ?»

«እሱማ እሷ ቤት ከምገባ ሞቼ ብገኝ ይሻለኛል ነው የሚለው። ግን ይመጣል። የት ይሄዳል?»

መልሴን ከመስጠቴ በፊት የሆነውን እንደሆነው ልንገርህ። አንተ ለአክስቶቼም፣ ለጎረቤትም፣ ለዳኛም የነገርከውን ሰምቻለሁ። የእኔን ግን ከቤተሰባችን ቁጭ ብሎ የሰማኝ የለም። አሁን አንተ ትሰማኛለህ፤ ተነስተህ በር ዘግተህብኝ የምትሄድበት ቦታ የለህም።

ልጅ ሳለሁ ካንተ የሚበልጥ ሾፌር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ጋቢና ውስጥ ከማርሹ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ የሞተሩ ሙቀት እግሬን ያሞቀኛል። ልጆቹ ጋሼ ቀስ የሚሉህ ከአፍህ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለነበር ነው። ቀስ፣ አትጋፉ። ቀስ ብለሽ ውረጂ። አንድ ልጅ ወርዶ የቤቱ በር ሲከፈትለት ካላየህ ማርሽ አታስገባም ነበር። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ሲያስጮህብህ አንገትህን በመስኮት አውጥተህ «የጫንኩት ልጅ ነው፣ ሲሚንቶ አይደለም» ትለዋለህ። እኔ በኩራት ደረቴን እነፋ ነበር። አድጌ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ስቀጠር ሰው ሁሉ ምን አስመረጠሽ ሲለኝ አባቴ እል ነበር።

ሕጉን ደግሞ ከእኔ በፊት የምታውቀው አንተ ነህ። ተማሪ የሚያመላልስ ሾፌር በየዓመቱ አይኑን ይታያል፤ ካላለፈ ተማሪ አይጭንም። የዚያን ቀን ጠዋት ሌሎቹ መስኮቶች ባዶ ነበሩ። አንተ ግን የእኔ ሰልፍ ላይ ቆምክ፤ ተላጭተህ፣ አዲሱን ኮትህን ለብሰህ። ነርሷ ከፊደል ሰሌዳው ፊት ለፊት አቁማ አንድ አይንህን አስሸፈነችህ። በልበ ሙሉነት ከላይ እስከ ታች አነበነብከው፤ አንዴም አልተደናቀፍክም። ነርሷ ዞር ብላ አየችኝ። ሰሌዳው በዚያው ሰሞን ተቀይሮ ነበር፣ አባባ። አንተ የምትለው አሮጌው ላይ የነበሩትን ፊደሎች ነው። ሸምድደሃቸው ኖሯል።

ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ የታክሲ ሾፌር «እኚህ ሰውዬ ግድግዳው ማዶ ያለውን ነው እንዴ የሚያነቡት?» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ለምን እንደሚስቁ ስላልገባህ አንተም አብረሃቸው ፈገግ አልክ። ካንተ ካየሁት ነገር ሁሉ፣ የኋለኛውን ጭምር፣ እንደዚያ ፈገግታ አንጀቴን የበላው የለም።

ከዚያ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለህ «በይ ምቺልኝ ልጄ» አልከኝ።

«አባባ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን እኮ አላየኸውም።»

«ዳር ዳሩ ነው ትንሽ የሚደበዝዝብኝ። መንገዱን እንደሆነ ጨፍኜም አውቀዋለሁ።»

«የምትጭነው ሕፃናት ነው።»

«አንቺንም ጭኜሻለሁ። ምን ሆንሽ?»

ማህተሙን መታሁት፤ የጠበቅከውን ግን አይደለም፣ «ታግዷል» የሚለውን ነው። ተጸጽታ ይሆናል ብለህ ከሆነ፣ አልተጸጸትኩም። ነገ ጠዋት ብትመጣም ያንኑ እመታልሃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ስሜ ባንተ አፍ «ጉሮሮዬን የዘጋችው» ሆነ። አንድ የአይን ሐኪም አነጋግሬ፣ ዳር ዳሩ መደብዘዙ የአይን ግፊት ሊሆን እንደሚችል፣ በጊዜ ከተያዘ የቀረውን ማትረፍ እንደሚቻል ነግሮኝ፣ ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ መጣሁ። በሩን የከፈትክልኝ አንተ ነህ። «እዚህ ቤት የመንግሥት ሠራተኛ አልተጠራም» ብለህ መልሰህ ዘጋኸው። ልጄ አፉን የፈታ ሰሞን ደውሎ «አያዬ» ሲልህ «ተሳስተሃል» ብለህ ዘጋህበት። የተሳሳተ ቁጥር የነካ መስሎት ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲጎረጉር ዋለ። ለአንተ ብዬ መነጽር አሠርቼ በእማማ ላክሁ፤ ጨፍልቀህ በፖስታ መለስክልኝ። ስብርባሪው ላይ የጎማ ጥርስ ታትሞበታል።

ያኔ ነው የነቃሁት። ቤታችን መኪና የለም። «እማማ፣ በምን ጎማ ነው የጨፈለቀው?» አልኳት። ነጠላዋን ማጣጠፍ ጀመረች። እማማ ነጠላዋን ካጣጠፈች ነገር አለ ማለት ነው።

ከሥራ አስፈቅጄ ስትሠራበት ከነበረው ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ያለው የደብተር መሸጫ በር ላይ ቆምኩ። በመውጫ ሰዓት ሰርቪሱ መጣ። መሪው ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ልጆቹን የምታወርደው ረዳት የለችም፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወጪ ለመቀነስ ብላ አሰናብታታለች። በሩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ቀጥታ ባለቤትየዋ ቢሮ ገባሁ።

«እሳቸው ለእኛ አባት ናቸው» አለችኝ። «ደግሞ እዚሁ ሰፈር ውስጥ ነው የሚዞሩት፣ ዋናው መንገድ አይወጡም።»

«ሰፈር ውስጥ ልጅ አይገጭም?»

«እህቴ፣ ከአባትሽ ጋር ያለሽን ጠብ እዚያው ጨርሽ። እዚህ ይዘሽው አትምጪ።»

ከዚያ ወጥቼ የሄድኩት የሰፈሩ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ነው። አባቴ ፈቃዱ ታግዶ ተማሪ እየጫነ ነውና አስቁምልኝ አልኩት። ሰውዬው ከእግሬ እስከ ራሴ ነው ያየኝ። በማግስቱ ሰርቪሱን ሲያስቆመው መሪው ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተቀምጧል፤ መንጃ ፈቃዱ የታደሰ፣ ምንም የማይወጣለት። ቢሮዋ መግባቴ አስጠንቅቋችሁ ኖሯል። አንተ ከኋላ ከልጆቹ መሀል ተቀምጠህ ለፖሊሱ እጅህን አውለበለብክለት። ፖሊሱ ከዓይን ሲርቅ ከዘበኛው ጋር ቦታ ተቀያየራችሁ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው አጨበጨቡላችሁ፤ ይህን ያወቅኩት ኋላ ፍርድ ቤት ነው።

ከዚያ ያቺ ልጅ። ሁለተኛ ክፍል ናት። ከሰርቪሱ ወርዳ ልትሻገር በፊትህ ዞረች፤ ምሳ ዕቃዋ ወደቀባትና ልታነሳው ጎንበስ አለች። ረዳት ብትኖር ወርዳ እጇን ይዛ ታሻግራት ነበር፤ ሕጉ ረዳት ይኑር ያለው ለዚህ ነው። አንተ ወደ ስፖኪዮው ዞር አልክ። ምን እንዳየህ አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ግን ምንም ያየህ አይመስለኝም። ማርሽ አስገባህ። ልጆቹ በመስኮት እያዩ «ጋሼ ቀስ፣ ጋሼ ቀስ» እያሉ ጮሁ። ስምህን የሚጠሩ ስለመሰለህ «አቤት ልጆቼ» አልካቸው። ፍርድ ቤት አንዱ ልጅ ሲመሰክር ነው የሰማሁት፤ ጸሐፊዋ መጻፏን አቁማ አፏን ያዘች። ልጅቷ ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች የለም።

ዳኛው «ፈቃድዎ ታግዶ ሳለ ለምን ነዱ?» ሲሉህ የመለስከውን እዚያ ላሉት ጓደኞችህ ነግረሃቸዋል? ካልነገርክ እኔ ልንገርልህ። «ልጄ የምትሠራው እዚያው ነው። አባባ ንዳ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ ብላኛለች» አልክ። ከኋላህ ነበር የተቀመጥኩት። «አባባ» ብዬ ጠራሁህ። ድምፄን ታውቀዋለህ። አልዞርክም። እማማም ተነስታ፣ ምላ፣ «አዎ ብላለች፣ እኔም ሰምቻለሁ» አለች። አንተን ለማዳን የእኔን አንገት ለመስጠት ሁለታችሁ መቼ እንደተማከራችሁ እስከዛሬ አስባለሁ። እራት ላይ ይሆን? እማማ ትንሽ እንኳን አልተከራከረችህም?

ከሥራ ታገድኩ። ገበያ ስወጣ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ይስቡ ነበር። ከዚያ ትራፊክ ፖሊሱ ተጠርቶ መጣ። «እቺ ሴትዮ በእግሯ መጥታ አባቴን ያዝልኝ ብላኛለች። እውነቱን ለመናገር ያኔ ምን ዓይነት ክፉ ልጅ ናት ብዬ ነበር» አለ። ነፃ ያወጣኝ እሱ ነው፤ የማላውቀው፣ ክፉ ነሽ ብሎ ያሰበኝ ሰው። መስኮቴ ላይ ተመለስኩ። አንተ ወህኒ ወረድክ። ባለቤትየዋ ተቀጣችና ትምህርት ቤቷን ሸጣ ሄደች። የልጅቷ እጅ ግን አልተመለሰም።

ልጅቷ ቤት መሄድ ከጀመርኩ ቆየሁ። መጀመሪያ ስሄድ እናቷ በሩን ገርበብ አድርጋ «የአባትሽን ይቅርታ ይዘሽ ከሆነ የመጣሽው ተመለሺ» አለችኝ።

«ይቅርታ አልላከም» አልኳት።

«እንግዲያው ግቢ።»

ልጅቷ በግራ እጇ መጻፍ እየተማረች ነው። ፊደሎቹ ከመስመር እየወረዱ ይጋደሙባታል፤ እርሳሱን ትወረውራለች፤ አነሳላታለሁ፤ ደግሞ ትጀምራለች። ብዙ አናወራም። አንዳንዴ ሳታስበው ቀኝ ክንዷን ወደ እርሳሱ ትሰድና ትዝ ሲላት ታቆማለች። ያንን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። አንተ ማየት የነበረብህን እኔ ነኝ የማየው።

እማማ በመጣች ማግስት ሄጄ ለእናቷ ነገርኳት። አንተ ወደ እኔ ቤት ልትመጣ እንደምትችል፣ ከዚህ በኋላ ቤታችን አትርገጪ ካለችኝ እንደምረዳት ነገርኳት። እናቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ልጅቷ ከደብተሯ ቀና አለች።

«ጋሼ ቀስ አሁን ያያል?»

«አያይም። ጭራሽ።»

«እኔ ብመጣ እኔ መሆኔን ያውቃል?»

«ካልነገርኩት አያውቅም።»

ትንሽ አሰበች። «ስመጣ እንዳትነግሪው። ልየው ብቻ።»

«ለምን?» አለቻት እናቷ ቀድማኝ።

«እሱም አላየኝማ» አለች፤ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች።

ስለዚህ መልሴ ይኸውልህ፣ አባባ። እወስድሃለሁ። ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ። ጠልቼህ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ እማማን እምቢ ብዬ በሬን ዘግቼ እተኛ ነበር። አልቻልኩም። አጥብሃለሁ፣ አበላሃለሁ፣ ሐኪም ቤት ይዤህ እሄዳለሁ። ልጄ ያኔ የደወለለት አያቱ አንተ እንደሆንክ አያውቅም፤ እኔም አልነግረውም። ከፈለግክ አንተ ንገረው፤ ምን እንደሚልህ እሰማለሁ።

ክፍልህ ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለችው ናት። አልጋህን በመስኮቱ በኩል አድርጌዋለሁ፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ አንድ ወንበር አለ። አንዳንድ ቀን፣ ከትምህርት በኋላ፣ ልጅቷ ትመጣና እዚያ ትቀመጣለች። የፈለገችውን ያህል ታይሃለች። ሲበቃት ተነስታ ትሄዳለች። መቼ እንደምትመጣ አልነግርህም። መጥታ መሄዷንም አልነግርህም። በሩ ሲከፈት ነፋስ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ልሆን እችላለሁ፤ ልጄ ኳሱን ፍለጋ ሊሆን ይችላል። ልብስህን አስተካክለህ፣ ፊትህን ወደ ወንበሩ አድርገህ ተቀመጥ።

ማነው ብለህ ብትጠይቅ ከዚህ ቤት የሚመልስልህ የለም።

የመጀመሪያ ልጅህ