እናታችን ከማኅበር የቀረችበት ምክንያት

ደባርቅ፣ ጥር 16 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ አዲ አርቃይ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? የቆላው ወባ ዘንድሮስ ማራችሁ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እማዬም ደህና ናት ብዬ ባለፈው የጻፍኩልሽ ውሸቴን ነው።

ከማርያም ማኅበር የቀረችው እግሯን አሟት አይደለም። እኔ ነኝ ያስቀረኋት። የዛሬ ሁለት ዓመት ጽዋው ላይ ስትመርቅ፣ መውረዳቸውን ረስታ ለጃንሆይ ዕድሜ ይስጥልን አለች። ጓደኛዋ ወይዘሮ ሸጊቱ ቶሎ ብላ በሌላ ወሬ ሸፈነችላት፤ ነገሩ ግን እኔ ዘንድ ደረሰ። እኔ ደግሞ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነኝ። በማግስቱ ከግቢ እንዳትወጣ ከለከልኳት። ሊጠይቋት የሚመጡትንም ተኝታለች እያልኩ ከበር መለስኩ።

መጀመሪያ ሰሞን ሃያ አንድ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጥ ነበር። ቆይታ ቀኑን መጠየቅ ተወች። ከዚያ የሰው ስም ጠፋባት፣ በኋላም ጨዋታው ራሱ። ያቺ ማኅበሩን በሳቅ የምታፈርስ ሴት ግድግዳ ስታይ ትውላለች።

ባለፈው ሳምንት ሸጊቱ ገፍታኝ ገባች። የእማዬን እጅ ይዛ ብዙ ተቀመጠች። ስትወጣ አልተቆጣችኝም። እኛ ዘንድ ሳለችም ትረሳ ነበር አለችኝ፤ ስም ሲጠፋት እናቀብላታለን፣ የጀመረችው ወግ ሲቋረጥባት እንቀጥልላታለን፤ አንተ ቤት ማን ያቀብላት? ከስብሰባ ደክሞኝ ስገባ እንዴት ዋልሽ እንኳ አልላትም ነበር።

ለእሷ ፈርቼ ነው ልበልሽ? ሰው እንዳይስቅብኝ ነው፣ እትዬ። አፍሬባት ነው። ዛሬ የማፍረው በራሴ ነው።

ትናንት ምሳዋን ይዤ ስገባ ብድግ አለችልኝ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ጌታዬ፣ ልጄ ሹም ነው። እዚህ መታሰሬን አልሰማም እንጂ ቢሰማ አንድ ቀን አያሳድረኝም። እባክዎ ይንገሩልኝ» አለችኝ።

እነግረዋለሁ አልኳት። ደስ አላትና እንደሱ ያለ ልጅ ይስጥዎ ብላ መረቀችኝ።

የአስተርእዮ ማርያም ጽዋ ሸጊቱ ቤት ነው። እጇን ይዤ እወስዳታለሁ፤ የፈለገችውን ትመርቅ። ከቻልሽ ነይ። አንቺን ታውቅሽ ይሆናል።

እመቤታችን ቤትሽን ትጠብቅልሽ፣ ልጆችሽንም ለአንቺ ታቆይልሽ።

ወንድምሽ