ከጀርባ የተነሱ ሰዎች

ልጄ ሆይ፣ ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ፤ እኔ ደህና ነኝ።

እስከ ትናንት ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። አባትህ ካረፈ ወዲህ በስልኬ መንገደኛ ፎቶ አነሳለሁ። ትናንት ለሰፈራችን ፎቶ ቤት ባለቤት አሳየሁት።

«እማማ፣ ብርሃን ያውቁበታል» አለኝ። «ግን ሁሉም ረጃጅም ወንዶች፣ ሁሉም ከጀርባ! ከሰው ፊት ጋር ተጣልተዋል እንዴ? ቀደም ይበሉና ከፊት ያንሱ።»

«ግድግዳህ ላይ የሰቀልካቸው ደግሞ በግድ የሳቁ ይመስላሉ» አልኩት። ሳቀ።

ዛሬ እንደመከረኝ አደረግሁ። ከቤት የሄድክ ቀን በመስኮት ከጀርባህ እንዳየሁህ፣ ትከሻውን ሰበር አድርጎ የሚሄድ ባለግራጫ ኮት ነበር። ቀደምኩት፤ ዞሬ አነሳሁት። ሌላ ሰው ነው።

«ርቀቱ ጥሩ ነው፤ ፎቶው ግን ደብዝዟል» አለኝ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሳሳየው። ልክ ነው።

ፎቶውን አብሬ ልኬዋለሁ፤ አስተያየትህን ጻፍልኝ። ሰላም ሁንልኝ። የቀደሙት ደብዳቤዎች «እዚህ የለም» ተብለው ስለተመለሱ፣ ይህን የምትቀበለው የድሮ አከራይህ ናት፤ የት እንዳለህ ካወቀች ታድርስልህ።

እናትህ