የተማሪ ዋጋ

ጥቅምት 4

የኮንትራክተሩን የቤት ፕላን ቀጠልኩ። ሁለት ፎቅ፣ አራት መኝታ። ደረጃው አልገባ ብሎኝ ግማሽ ቀን በላኝ። ጠረጴዛዬ ሚስቴ ልብስ የምትተኩስበት ነው። እሷ ስትተኩስ እኔ እነሳለሁ፣ እኔ ስሠራ እሷ ትጠብቃለች። የምሠራበት ቢሮ ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ሆነናል።

ከሰዓት ፕላን የምሥልበት የኮምፒውተር ፕሮግራም መልእክት አወጣ። ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት የከፈለው ዓመት ሊያልቅ ነው። "ያድሱ" ይላል። ዋጋውን አየሁና ዘጋሁት። የሦስት ቤት ፕላን ሠርቼ የማገኘውን ነው የሚለኝ!

ሃያ ስድስት ዓመት ፕላን ስሠራ ይሄ ነገር ዋጋ እንዳለው አስቤ አላውቅም። ጠዋት ቢሮ ትገባለህ፣ ታበራዋለህ፣ ይበራል። በቃ።

ጥቅምት 7

ገጹን ድጋሚ ከፈትኩት። ከታች በትንንሽ ፊደል፦ ለተማሪ የዋጋው አንድ አሥረኛ።

ተማሪ ማን ነው? አነበብኩ። እውቅና ባለው ትምህርት ቤት የተመዘገበ። መምህርም ይሆናል፣ የትምህርት ቤት ሠራተኛም ይሆናል። የተመረቀ አይሆንም። ማረጋገጫው የትምህርት ቤቱ ኢሜይል ነው፤ እሱ ከሌለ መታወቂያ ወይም የምዝገባ ወረቀት። ወላጅ ለልጁ መግዛት ይችላል፣ የሚጠቀመው ግን ልጁ ራሱ ነው። በመጨረሻም አንድ መስመር... ለትምህርት ብቻ፣ ገንዘብ ለሚያስገኝ ሥራ አይፈቀድም።

ሦስቴ አነበብኩት። ቀዳዳ ፍለጋ። "ወላጅ" የሚለው ላይ ቆየሁ። ሚስቴ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ የትምህርት ቤት ነርስ ብትሆን ኖሮ እያልኩ በሐሳቤ ሥራ አስቀየርኳት። የማታ ትምህርት ብመዘገብስ? በሃምሳ አንድ ዓመቴ? ብቻዬን ሳቅኩ።

ጥቅምት 12

ልጄ ለቅዳሜና እሑድ መጥታለች። አራተኛ ዓመት ሆነች። የሕንጻ ንድፍ ነው የምትማረው፣ "የአባቷ ልጅ" ይሏታል። የመጨረሻ ሥራዋን ጀምራለች፤ የሕፃናት ማቆያ ነው የምትነድፈው። አውርታ አልጠግብ አለች።

አሁን የምጽፈውን ማንም አያነበውም... ልጻፈው።

አንደኛ ዓመት ስትገባ ኮምፒውተሯን ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ። ፓስወርዷን አውቀዋለሁ። ፀጉሯን ልትታጠብ ገባች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በትምህርት ቤት ኢሜይሏ ገብቼ የተማሪ ዋጋውን ጠየቅኩ። ስልኳ ብልጭ አለ፤ የማረጋገጫ ስድስት ቁጥር። ጻፍኩት። ከፈልኩ። መልእክቱን ከስልኳ አጠፋሁት።

ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ስትወጣ "ምን ሆነሃል አባዬ፣ ላብ በላብ ሆነሃል እኮ" አለችኝ። "ሙቀቱ ነው" አልኳት።

ፕሮግራሙ ሲከፈት በስሟ ሰላም ይለኛል።

ኅዳር 2

ፕላኑን ለማሳተም ወደ ኅትመት ቤት ሄድኩ። ትልቁ ወረቀት ከማሽኑ እየወጣ ሳለ የኅትመት ቤቱ ባለቤት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ማንበብ ጀመረች። በአራቱም ጠርዝ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ። እኔ ስክሪኑ ላይ አላየሁትም ነበር።

"ለተማሪ በተሰጠ ፕሮግራም የተሠራ..." ጮክ ብላ። "ውይ! ጋሼ፣ ትምህርት ጀመሩ እንዴ?"

"ልጄ ናት የረዳችኝ" አልኩ። ከአፌ ዝም ብሎ ወጣ።

"ታድለው!" አለች። መቁረጫ ተውሼ አራቱንም ጠርዝ ቆረጥኩ። ቀጫጭኑን ቁርጥራጭ እዚያው ልጥለው ፈርቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር 9

ኮንትራክተሩ ወደደው። "ኢንጂነር፣ እጅህ ይባረክ" አለኝ። ኢንጂነር አይደለሁም። እንደ ሁልጊዜው አላረምኩትም።

ታኅሣሥ 1

የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ከኮንትራክተሩ ጋር። ወረቀቱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ፋይሉ ያለበትን ፍላሽም ይቀበላሉ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ፋይሉን ከፈተችው። ዓይኗን አጠበበች። "ይሄን የሠራው ተማሪ ነው?"

ኮንትራክተሩ ወደ እኔ ዞረ። ከኋላችን ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል። ሁሉም እኔን የሚያዩኝ መሰለኝ።

"ልጄ ረድታኝ ነው።" ለሁለተኛ ጊዜ።

"ልጅዎ የሙያ ፈቃድ አላት? ስሟና የትምህርት ቤቷ አድራሻ ነው እዚህ ያለው። እናጣራለን።" ፍላሹን አስቀረችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ኮንትራክተሩ መኪናው ጋ እስክንደርስ ፊት ፊቴ ሄደ። ከዚያ "ይስተካከላል አይደል?" አለኝ። "ይስተካከላል" አልኩት። ምኑን ነው የማስተካክለው?

ታኅሣሥ 10

ልጄ ደወለች። እያለቀሰች ስለነበር መጀመሪያ የምትለው አልገባኝም።

ፈቃድ ቢሮው ለትምህርት ቤቷ ጽፏል፦ ተማሪያችሁ ለገበያ ፕላን ትሠራለች ወይ? ትምህርት ቤቱ ኢሜይሏንም ፕሮግራሟንም ዘግቶባታል። የመጨረሻ ሥራዋ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። የሕፃናት ማቆያው። የሁለት ወር ሥራ። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች።

"አባዬ፣ እኔ ለማንም ሰው የቤት ፕላን ሠርቼ አላውቅም! አንድም!"

"ተረጋጊ" አልኳት። ከዚያስ ምን አልኩ? ጻፈው እንግዲህ... "ማን ሊሆን ይችላል?" አልኳት። እኔ። በዚህ አፌ።

"ቀጭኗ ናት" አለች። የዶርም ጓደኛዋ ማለቷ ነው፤ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት። "ኮምፒውተሬን ስትዋስ ነበር። ለሰው እየሠራች ገንዘብ ታገኛለች። ሌላ ማን ይሆናል?"

አይደለችም ማለት ነበረብኝ። ደህና ሁኚ ብዬ ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 12

ሚስቴ ከልጃችን ጋር በስልክ አንድ ሰዓት አወራች። እኔ ፕላን የምሠራ መስዬ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር። ልጄ ከቀጭኗ ጋር በሰው ፊት ተጣልታለች። "ሌባ" ብላታለች። ቀጭኗ ፍራሿን ይዛ ሌላ ክፍል ገብታለች።

ቀጭኗ ሁለቴ ቤታችን መጥታለች። በልታ ስትጨርስ ማንም ሳይጠይቃት ሳህኑን ሁሉ አጥባ ነበር፣ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች። ሚስቴ "እንዲህ ዓይነት ሁለተኛ ልጅ በሆነችልኝ" ብላ ነበር።

ታኅሣሥ 13

ዛሬ መጻፍ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 15

ኮሚቴው ከነገ ወዲያ ነው። ሁለቱም ተጠርተዋል።

ራት ላይ ሚስቴ፦ "ያቺ ልጅ ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ናት! አልሠራሁም ብላ ትምላለች አሉ። ዓይኗን በጨው አጥባ!"

እኔ ነኝ አልኳት። አልሰማችኝም፤ ደገምኩት። እኔ ነኝ። ፓስወርዱን፣ ስልኩን፣ ስድስቱን ቁጥር፣ ኅትመት ቤቱን... ሁሉንም ዘረገፍኩት። አንዴ ከጀመርኩ መቆም አቃተኝ።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ውሃዋን ጠጣች።

"ከደወለች ስንት ቀን ሆነ?"

"አምስት።"

"አምስት ቀን ሙሉ ልጅህ ስታለቅስ እየሰማህ?"

"ለእናንተው ብዬ ነው፣ ሥራው እንዳይቋረጥ..."

"ተው። በእኔ አታሳብብ።" ሳህኗን አነሳች። "ደግሞ ለእኔ አይደለም የምትናገረው።"

ታኅሣሥ 17

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ለልጄ ቀድሜ ልነግራት አስቤ ነበር። አውቶቡሱ ላይ ሳለሁ ስልኬን አምስቴ አወጣሁ፣ አምስቴ መለስኩ። ፈሪ ነኝ።

ከኮሚቴው ክፍል ደጃፍ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ልጄ በአንዱ ጫፍ፣ ቀጭኗ በሌላው ጫፍ። ልጄ ስታየኝ ብድግ ብላ አቀፈችኝ። ልትረዳኝ መጣህልኝ ብላ! ቀጭኗም ተነሥታ "ደህና ነዎት ጋሼ?" አለችኝ። እጄን ዘረጋሁላት።

አብሬያቸው ልግባ አልኩ። ፈቀዱልኝ። ሦስት መምህራን። መሐል የተቀመጡት መነጽራሙ መምህር "እርስዎ ማን ነዎት?" አሉኝ።

"አባቷ ነኝ። ፕላኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም። ይቺም ልጅ አታውቅም።"

ወደ ልጄ አላየሁም። ፊታቸው ያለው ወረቀት ላይ ብቻ ዓይኔን ተክዬ አወራሁ። ስጨርስ መምህሩ በለዘበ ድምፅ ጠየቁኝ፦ "ምናልባት ፕሮግራሙ ለማን እንደተፈቀደ አላወቁም ይሆናል? ብዙ ሰው አያነበውም።"

ማምለጫ በር ከፈቱልኝ ማለት ነው። አዎ ብል ያበቃ ነበር። አንድ ቃል።

"አውቅ ነበር" አልኩ። "ሦስቴ አንብቤዋለሁ።"

ቀጭኗ ተነሥታ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። ልጄ አልተንቀሳቀሰችም። ኮሪደር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ስለ ፓስወርዱ አላነሳችም። ስለ ስልኳም።

"ማን ሊሆን ይችላል ብለህ ጠየቅኸኝ እኮ" አለች።

ይሄን ብቻ። ሄደች።

ታኅሣሥ 24

ውሳኔው መጣ። ፕሮግራሟን ይከፍቱላታል፣ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ። ሥራዋን ከጓደኞቿ ጋር ሳይሆን ዘግይታ ታቀርባለች። የይለፍ ቃሏን ባለመጠበቋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ከአባቷ ነው የምትጠብቀው?

ፈቃድ ቢሮ ሄጄ ፕላኑ የእኔ ሥራ እንደሆነ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። ያቺው ሠራተኛ ተቀበለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም፤ አመሰገንኳት በልቤ።

ከዚያ ኮንትራክተሩ። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥቷል። አልተቆጣም። "ለምን አልነገርከኝም?" አለ። "ዋጋውን አልቻልኩትም ብትለኝ እኮ እኔ እገዛልህ ነበር። አንተን ላጣ ነው?"

መንገድ ላይ ብቻዬን ስሄድ ይሄ ነው የከበደኝ። መጠየቅ አፍሬ ነው የሰረቅኩት። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው ሆኜ፣ የምሠራበት ፕሮግራም የለኝም ማለት ከበደኝ።

ጥር 11

ቀጭኗን ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድኩ። ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አገኘኋት። አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ ይዤ ነበር፤ ሳላወጣው ቀረሁ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ" አልኳት።

"እርስዎን ይቅር ብያለሁ ጋሼ። እርስዎ መጥተው ተናገሩ።" ቦርሳዋን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረች። "እሷ ግን ሳትጠይቀኝ ፈረደችብኝ። ሦስት ዓመት አብረን ተኝተን። እሱን እርስዎ ሊያስተካክሉት አይችሉም።"

"አናግራሻለች?"

"መጥታ አልቅሳለች። አቅፌያታለሁ። ወደ ክፍሉ ግን አልመለስም።"

አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። ልጄ እስካሁን ቤት አልመጣችም። ለእናቷ ትደውላለች፤ እኔ ከኩሽና ሆኜ ድምፅዋን እሰማለሁ።

ጥር 28

ነጻ ፕሮግራም አገኘሁ። ማንም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል፣ ተማሪ ነህ አይደለህም የማይል። ሁሉ ነገሩ ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። ግድግዳ ለመሳል አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። እንደ ጀማሪ በሁለት ጣት እየለቀምኩ ነው። ሚስቴ በጀርባዬ አልፋ "እንዴት ነው?" አለችኝ። ከዚያ ራት ወዲህ በራሷ ፈቃድ ስታወራኝ የመጀመሪያዋ ነው።

መጋቢት 8

ልጄ መጣች። ከጥቅምት ወዲህ ገና ዛሬ። ሥራዋን ባለፈው ሳምንት አቅርባለች፤ እናቷ ነበረች፣ እኔ አልተጠራሁም። ጥሩ ውጤት ነው አሉ። ሰላም አለችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ከሰዓት ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ መጣ። ለመድኃኒት ቤቱ ጀርባ የምትሆን ትንሽ መጋዘን እየሣልኩለት ነው። ሥራውን አይቶ ሲጨርስ ድምፁን ቀነስ አደረገ።

"ልጅዎ ተማሪ ናት አይደል? የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ፈልጌ ነበር። በእሷ ስም ሲሆን ርካሽ ነው አሉኝ። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምትልክልኝ።"

ልጄ ሶፋው ላይ ናት። የያዘችውን መጽሐፍ መግለጥ አቆመች።

"አይሆንም" አልኩት።

"ምን ችግር አለው? ሁሉም ሰው ያደርገዋል እኮ!"

"እኔም አድርጌዋለሁ" አልኩት። ከዚያ ነገርኩት። ፀጉሯን ስትታጠብ እንደሰረቅኳት። በሌላ ሰው ልጅ ላይ ጣት ሲቀሰር አምስት ቀን ዝም እንዳልኩ። ማን ሊሆን ይችላል ብዬ እንደጠየቅኳትም ነገርኩት። ይሄን ሰው ምን አገባው? ምንም። ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ፤ ግን እስከ መጨረሻው ነገርኩት።

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲያው... ይቅር" አለ። ፕላኑ መቼ እንደሚደርስ ጠይቆኝ ወጣ።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ቀና ማለት አቅቶኝ የመጋዘኑን መደርደሪያ መሳል ቀጠልኩ። ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይሄ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው?"

"ወደ ውስጥ።"

"መደርደሪያውን ይመታዋል።"

ለካኩት። ይመታዋል። ማውሱን ለቀቅኩላት።