ያለ ሥራ ልምድ አስማታዊ ፋኖስ መሥራት ክልክል ስለመሆኑ

ለተከበሩ አቶ ዘካሪያስ፣
የገላን ኮንዶሚኒየም የቅዳሜ ጨዋታ መሪ፤

ይህን ደብዳቤ የኮሚናሉ፣ የጋራ መሰብሰቢያችን፣ በር ላይ ተለጥፎ ሲያገኙት ጤናዎ የተሟላ፣ የደም ግፊትዎም ልኩን የጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ አንብበው ሲጨርሱ ለሚሆነው ግን ኃላፊነት አልወስድም።

ለአላፊ አግዳሚ ጎረቤቶቻችን ነገሩን ላስረዳ። በየቅዳሜው ጠረጴዛ ከበን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን፣ አቶ ዘካሪያስ በሚተርኩልን ዓለም ውስጥ ዕድላችንን በቁጥር የሚወስን ዳይስ እየጣልን እንጫወታለን። የእኔዋ ገጸ ባሕርይ ቀጥቃጭ ናት። ምኞቷም አንድ ብቻ ነው፦ ነፋስ የማያጠፋው አስማታዊ ፋኖስ መሥራት መማር።

፩. ልማር ብዬ ብጠይቅዎ፣ አስማታዊ ዕቃ ለመሥራት ቢያንስ የሁለት ዓመት አስማታዊ ዕቃ የመሥራት ልምድ እንደሚያስፈልግ በፈገግታ አስረዱኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቂሊንጦ በሚሠሩበት ፋብሪካ በር ላይ የሚለጥፉትን የቅጥር ማስታወቂያ፣ ቅዳሜም ዘንዶ እሳት በሚተፋበት አገር እንዳነበው ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ከዚያ በር የተመለስኩት ሳያንሰኝ፣ በተረቱም ዓለም ቀድመውኝ በር ላይ ቆመው አገኘሁዎት።

፪. እንግዲያው ባለሙያ ያስተምረኝ ብዬ ለመንኩ። ተራራ ላይ ወደሚኖር ሽማግሌ አንጥረኛ ላኩኝ። ሽማግሌው (ያው እርስዎ ነዎት፣ ድምፅዎን ጎርነን አድርገው) ከንጉሡ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አሉ። ንጉሡ (እሳቸውም እርስዎ) ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ስብሰባው ከፍልሰታ ጾም በፊት የተጀመረ ሲሆን፣ እስካሁን ሻይ ዕረፍት እንኳ አልወጡም።

፫. መዶሻ ነክቶ የማያውቀው የእህትዎ ልጅ የቤኪ ፈረሰኛ ግን ባለፈው ቅዳሜ ጥበቡ በሕልም ተገልጦለት፣ በአንድ ጀምበር አስማታዊ ጋሻም ቀለበትም ሠርቶ ተነሣ። ሕልም ማየት ዝምድና እንደሚጠይቅ ባለማወቄ ይቅርታ። ቤኪ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቀጥቃጭ ነሽ አይደል? አደራ እንዳትበይን!» ሲል እርስዎ የሳቁት ሳቅ ጎረቤት ብሎክ ድረስ ተሰምቷል።

ወዲያው ያለ ፋኖስ ጨለማ ዋሻ አስገቡን፤ አብራን የምትጫወተው የናዕማ ገጸ ባሕርይ ገደል ገብታ ሞተች። ናዕማ፣ «ሶሊዬ፣ መብራት ቢኖረን እኮ» አለችኝ። እርስዎ፣ «ጨዋታ ነው እኮ፣ ምን ያስኮርፋችኋል?» አሉን። ልክ ነዎት፣ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ተምሬ፣ ሞክሬ፣ አንድ ነገር የምሠራበት ቦታ ስፈልግ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ናዕማ፣ ሌላው ተጫዋች ፈቀደና እኔ አቃቂ በሰቃ፣ የሀይረዲን ብየዳ ቤት ውስጥ የራሳችንን ጠረጴዛ እንዘረጋለን። ሕጉ አጭር ነው፦ መሥራት የፈለገ ይሞክራል፤ ቢያበላሽ ከብልሽቱ ይማራል።

ሰፊው ግዛትዎና የቀረልዎት አንድ ተገዢ ለዘለዓለም ይኑሩ እያልኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሶሊያና ቀናው

ድኅረ ጽሑፍ፦ «የውጭ ዕቃ እኮ ያስታውቃል» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ የሚያሳዩትን ባለ ሃያ ገጽ የናስ ዳይስ ሀይረዲን ቤት ቆርጬ፣ ሞርጄ የሠራሁት እኔ ነኝ። ፈቀደ ከዱባይ የመጣ ነው ብሎ የሰጠዎት እኔ ስለለመንኩት ነው፤ የእኔ ሥራ መሆኑን ቢያውቁ ከመጣልዎ በፊት የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቁበት ነበር። ዳይሱን መልሼ ወስጄዋለሁ፤ አሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ለቅዳሜ በእሱ ፋንታ የሚጥሉት ሳንቲም ይዘው ይምጡ።