ሆላንድን ብርቱካናማ ለበሰች ብለው ላገዱት ሊቀ መንበር

ለተከበሩ ምዜ ጅሎ፣
የሞያሌ የሰፈሮች ዋንጫ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡርነትዎ፣ ከነቤተሰብዎና ከነከብቶችዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ ዓይንዎ። ሕዝቡ ኳስ ሲያይ እሱ የማልያ ቀለም ሲመረምር ሰንብቷልና ዕረፍት ይገባዋል።

እንደሚያውቁት ቡድኖቻችን በየዋንጫው የአገር ስም በዕጣ ይወስዳሉ። ዘንድሮ የተጠቀማችሁት ካለፈው የብራዚል ዓለም ዋንጫ የተረፈውን ዕጣ ስለነበር ለእኛ ሰፈር፣ ለቡቲዬ ልጆች ሆላንድ ደረሳቸው። እውነተኛዋ ሆላንድ ለሩሲያው ዋንጫ ሳታልፍ በመቅረቷ፣ በዚህ ሰሞን ለዋንጫ የምትጫወተው ሆላንድ የቡቲዬዋ ብቻ ነበረች። እርስዎም ለእሑዱ ፍጻሜ ከደረሰች በኋላ እሷንም አገዱልንና ሥራው ተሟላ፤ እናመሰግናለን።

አቤቱታዬን በትሕትና እነሆ፦

፩. የባንዲራዎች ፖስተር ከሱቅዎ ግድግዳ ነቅለው ሜዳ ድረስ በመምጣት የሆላንድ ባንዲራ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ መሆኑን ማረጋገጥዎ ያስመሰግናል። ብርቱካናማው ግን የመጣው ከባንዲራው ሳይሆን ከነገሥታቱ ቤት ስም ነው። ጣልያንም ሰማያዊ የምትለብሰው ከቀድሞ ነገሥታቷ ወርሳ ነው፤ ንጉሡን አሰናብታ ማልያውን አስቀረች። ይህን ያህል ዘመን እርስዎን ሳያስፈቅዱ በመልበሳቸው በስማቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. «ብርቱካናማ ካማራችሁ አይቮሪኮስት ሁኑ!» የሚለው ውሳኔዎ ጥበብ የሞላበት ነው። ችግሩ፣ አይቮሪኮስትን እነዚሁ ልጆች በሩብ ፍጻሜው አሸንፈው ወደ ቤቷ ልከዋታል። ማልያውን የሰፋው ዶቃታ ይህን ሲሰማ «ምዜ፣ እሑድ የሚሮጠው ልጁ ነው ባንዲራው?» አለ። አፉን ይቅር ይበሉት፤ መርፌ ሲይዝ ነው የሚናገረው።

፫. ይህ ሕግ ከሜዳ ወጥቶ እኛ ዘንድ እንዳይመጣ እሰጋለሁ። ከአገራችን ሸሽተን ኬንያ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ስንገባ የተባበሩት መንግሥታት ሰዎች ያለበሱን የድንኳን ሸራ ሰማያዊ ነበር፤ በእርስዎ ሚዛን እኛ የየት አገር ሰዎች ልንባል ነው?

፬. ቀልዱ ይቆየን። ግብ ጠባቂያችንን አዩብን ለማየት አሰልጣኝ ከማርሳቢት የሚመጣው እሑድ ነው፤ ደግሞ የሚመለስ አይመስለኝም። እባክዎ ልጁን ያስገቡት።

ከየትኛውም ባንዲራ ያልተቀዳ የቡና ቀለም ሸሚዝ ለብሼ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ወርቅአየሁ ዘርአብሩክ
የቡቲዬ ቡድን ደጋፊ፣ ሞያሌ፣ ሐምሌ ፳፻፲ ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ በፍጻሜው የሚገጥመን የእርስዎው ሰፈር ቡድን ጀርመን ነው፤ ማልያው ነጭ። የጀርመን ባንዲራ ደግሞ ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ ነው። ሕጉ ይጽና ካሉ እሑድ ሜዳ የሚገባው ዳኛው ብቻውን ነው፤ አሰልጣኙም ከማርሳቢት ድረስ ለፍቶ መጥቶ እሱን መልምሎ ይሄዳል።