በካርዱ ጀርባ ያለው ስም

ጥር 4፣ ከሰዓት
ከማስተማር መልስ ካርድ መደርደር። የራያ ቃላት መዝገበ ቃላቴ የሳሙና ካርቶኑን ሞልቷል። ከፊት ቃሉ፣ ፍቺውና ምሳሌው፤ ከጀርባ የተናጋሪው ስምና መንደር። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ኮርቻለሁ! ግብርና ጽ/ቤት የከብት በሽታ ቃላቱን ለየና በየበሽታው ደረደራቸው። የገበሬ መመሪያ ወጣው። ለካ አደራደሩ ሲለወጥ ያው ካርድ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል።

ስም መጻፉን ያስጀመሩኝ የዋጃዋ እማ ዘሃራ ናቸው። ምልክት የሌለው ከብት የማንም ነው፣ ቃሌንም ምልክት አድርግበት አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሁሉንም እጽፋለሁ።

ጥር 9
ካድሬው ጓድ ታምሩ መጣ። መመሪያውን አይቶ ነው። መጀመሪያ ምስጋና፣ ሲጋራ። ቀጥሎ፦ በቃል ሳይሆን በሰው ብትደረድረውስ? ማን የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚል። የሰው መዝገብ! ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

አንድ ካርድ መዘዘ። «ጎልጎል»፤ ሜዳ ማለት ነው። ምሳሌውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ልጆቹ ጎልጎሉን በጨለማ አቋርጠው መጡ፤ ራት አበላናቸው።» የትኞቹ ልጆች? አለኝ። እረኞች ይሆናሉ አልኩ። ሊገለብጣት ሲል ለስብሰባ ተጠራ። ሰኞ ካርቶኑን ይወስዳል። ያቺን ካርድ በተለይ።

ጥር 10
ቂል ነኝ። ሰው ምሳሌ ስጠኝ ሲሉት አይፈጥርም፤ ያየውን ይናገራል። እማ ዘሃራ በዚያች ምሳሌ ያወሩኝ በረሃ ስለገቡት ታጣቂዎች ነበር። አንዱ የልጃቸው ልጅ ነው። እኔ የታየኝ ቃሉ ብቻ! ካርዷን ላጥፋት? ታምሩ አንብቧታል። ብትጠፋ ይብሳል።

ጥር 11
ዋጃ ደርሼ መጣሁ። እማ ዘሃራን ላም ሲያልቡ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለጥቂት ቀን ዞር ይበሉ ብዬ ለመንኩ።
«ላሞቹንስ ለማን ትቼ? ያልሁትን ብያለሁ። አላህ ያውቃል። ስሜን እንዳትነካ፣ ልጄ!»
ተናደድኩባቸው። ወተት አጠጥተው ሸኙኝ።

ጥር 13፣ እሑድ፣ 10 ሰዓት
ሌሎቹን ካርዶች አንድ በአንድ አየሁ። አህያና ማሽላ ናቸው፤ ክፉ ነገር የለባቸውም። ለጎልጎል አዲስ ካርድ ቆረጥኩ። ፍቺው ያው፣ ምሳሌው ያው፣ አንዲት ፊደል አልነካሁም። አሮጌዋን ምድጃው በላት። ፈርቻለሁ።

እማ ዘሃራ ይቆጡኛል። ይቆጡ።

ገለበጥኳት። ተናጋሪ፦ ብዬ የራሴን ስም ጻፍኩ። መንደር፦ ቆቦ፣ ከት/ቤቱ ጀርባ።

ነገ ሲጠይቀኝ፣ ራት ያበላሁት እኔ ነኝ እላለሁ።