የጥሩወርቅ ጾምና የኔ ተምር

ሰኞ፣ መጋቢት 9። ማታ

ተምሩ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ብሏል። ደብተሬ ሆይ፣ ብትጣበቅ አትቆጣ።

ነገ ተራው የኔ ነው። የቤት አያያዝ አስተማሪያችን ቲቸር አስቴር ሕግ አውጥታለች፦ በየማክሰኞው አንድ ተማሪ ስኳር የሌለበት ጣፋጭ ቤቱ ሠርቶ ለክፍሉ ያካፍላል። ት/ቤቱ በር ላይ የምንገዛው ከረሜላ ጥርሳችሁን ጨረሰው ትላለች። ስኳሩማ ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ሕጉ አይከብድም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ስኳር ድንች ቀቅሎ መጣ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

የኔ ግን ሌላ ነው። የጅቡቲ ተምር፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ የተቆላ ሰሊጥ። ወቅጬ አድቦለቦልኩት። መጀመሪያ እየተጣበቀ አስቸገረኝ፣ በኋላ እጄ ራሱ መላ አገኘ። ሙልጭ ሙልጭ እያለ ወጣልኝ።

ወተት የለበትም፣ እንቁላል የለበትም። ክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ላይ ናቸው። በተለይ ለጥሩወርቅ ስል ነው። ጥሩ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከከዚራ ሰፈር። ዘንድሮ ጾሙ ስለት ነው። ወንድሟን ግርማን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሁርሶ ማሠልጠኛ ነው። ሁዳዴን ሳላጎድል ከጨረስኩ በደህና ይመለስልኝ ብላ ለማርያም ተስላለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10። ከት/ቤት መልስ

አቦ! አንድ ፍሬ አልተረፈም! ወንዶቹ ሣህኑን በጣታቸው ጠረጉት። ቲቸር አስቴር ደግማ በላች።

ጥሩ ብቻ እጇን ሰብስባ ተቀመጠች። ይቅርብኝ አለች። 9 ሰዓት አልፏል፣ ማፍጠሪያዋ ደርሷል፣ ታዲያ ምን ትጠብቃለች? ደሜ ፈላ። ለሷ ብዬ ለፍቼ! የጾም ነው፣ ወላሂ ብዬ ማልኩላት። በሞቴ አልኩ። ክፍሉ ሁሉ እያየ አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኳት። ዓይኗን ጨፍና አኘከች፣ ዋጠች። ተጨበጨበልኝ።

እዚያው ቀን፣ ከመግሪብ በኋላ

ያ አላህ።

ሆዮ፣ እናቴ፣ ከማድቤት ጮኸች። ሱበጌን ማን ነካው? ሱበግ እኛ ቤት የነጠረ ቅቤ ነው። ጣሳው ክፍት ነበር፣ ውስጡ የጣቶቼ ፋና። ሊጥም ሆነ ተምር እጅ ላይ ሲጣበቅ ጣታችንን ሱበግ ውስጥ እንነክራለን። ሆዮ እንደዚያ ናት፣ እኔም እንደዚያ ነኝ። አላሰብኩትም። እጄ ብቻውን ሄደ።

ወላሂ ብዬ ማልኩ እኮ። በገዛ እጄ አፏ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ

አልነገርኳት። ልነግራት ስል ቲቸር ገባች። ኋላ ደግሞ ራስ ምታት ያዘኝ (ውሸት)። ጥሩም ዝም ብላለች። ምናልባት ዝምታዬ ነው ዝም ያሰኛት። ወደ ቤት ከሌላ ልጅ ጋር ሄድኩ።

ሐሙስ

ሆዮን የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኳት። ጾመኛ ሳያውቅ ቢበላ? ሳያውቅ የበላውን አላህ አበላው ይባላል አለች። ያበላውስ? የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች። ሳያውቅ ከሆነ ምንም የለበትም፣ አውቆ ዝም ካለ ግን የራሱን ይሸከም አለች። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ፈሪ ነኝ፣ ምን አባቴ ላድርግ።

ዓርብ

እነ ግርማ ሥልጠናቸውን ጨርሰዋል። በቅርቡ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ናቸው ተባለ። ጥሩ ዴስኩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሁሉም ልጅ አይዞሽ ሲላት እኔ እርሳስ እቀርጻለሁ! ከጾሜ በቀር የማደርግለት የለኝም አለች ጥሩ።

እሱንም አበላሸሁባት። ግርማ አንድ ነገር ቢሆን የኔ እጅ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

መላ መታሁ። እኛ ጋ ረመዳን የጎደለበት ሰው ቆይቶ ቀዷውን ይከፍላል፣ ቀን በቀን። የጥሩን ቀን እኔ ልክፈልላት። ዛሬ እንደኛ ጾምኩ፣ ውሃም የለ። የድሬ ፀሐይ ደግሞ አይምርም፣ ስፖርት ክ/ጊዜ ላይ ዞረብኝ። ሆዮ የረመዳኔን ቀዷ መስሏት ደስ አላት፣ መረቀችኝ። ምርቃቱ እንኳ የሌብነት ሆነብኝ።

የክርስቲያን ስለት በእስላም ቀዷ ይከፈላል? ማንን እጠይቃለሁ?

ማክሰኞ

ነገርኳት።

ከት/ቤት ስንመለስ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ። ባንድ ትንፋሽ አወጣሁት፦ ጣሳው፣ ጣቴ፣ መሐላው። ትሰድበኛለች፣ በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቁጭ አለች። «ወር ሙሉ ቅቤ ያልቀመሰ ሰው የቅቤ ሽታ ይጠፋዋል እንዴ፣ ሂቦ?»

ታውቅ ነበር! ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ! ልትተፋው ፈልጋ ነበር፣ ግን ክፍሉ ሁሉ እያየ፣ እኔ ወላሂ ብዬ ምዬ፣ እንዴት ታሳፍረኝ? ይሉኝታ ያዛት። ዋጠችው። ከዚያ የባሰውን ነገረችኝ። ሁለተኛው ጣፈጣት። ግርማ ወደ ጦርነት የሚሄደው ሁለተኛው ስለጣፈጠኝ ነው ብላ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታለች። ለእናቷም አልተናገረች።

እኔ ደግሞ እርሳስ እቀርጻለሁ። አፈር ልብላ።

ተላቀስን። ቀዷውን ስነግራት እያለቀሰች ሳቀች። ይቆጠር እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ሐሙስ

ጥሩ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ስግደት ሰጧት፣ ጾምሽን ቀጥይ አሏት። የኔንም ነገረቻቸው። ልጅቷ በዚህ ሙቀት ውሃም አልጠጣች? አሉ።

ቅጣቱ ለሷ፣ ጥፋቱ የኔ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21። ከሰዓት

ነገ ቤተሰብ መሰናበት ይችላል ተብሏል። ጥሩና እናቷ ሁርሶ ይሄዳሉ። እኔም እሄዳለሁ፣ ሆዮ ፈቀደች። ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጣች፣ ከዚያ ተምሩን ራሷ ገዛችልኝ።

ጥሩ እያገዘችኝ ነው። ኦቾሎኒውን ትፈትጋለች፣ እኔ ሰሊጡን እቆላለሁ። እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጥቤያለሁ። ዘይት በሲኒ አቀረብኩ፣ የሱበጉ ጣሳ ከላይ መደርደሪያ ላይ እንዳለ አሳየኋት፣ ክዳኑ ግጥም። እዪ፣ አልነካሁትም አልኳት።

አየችው። ከዚያ አውርጂው አለች። ለግርማ በሱበግ ይሁንለት። እዚያ የሰጡትን ነው የሚበላው፣ ከዚህ በኋላ ደግሞ ምን እንደሚያገኝ ማን ያውቃል። እሱ ይብላ አለች። እኛ እንጾምለታለን።

እኛ አለች፣ ደብተሬ። ሰምቻለሁ።

እስከ ፋሲካ አብሬያት ልጾም ነው። ለሆዮ አሁኑኑ እነግራታለሁ፣ ዘንድሮ እኔ የምደብቀው ጾም አይኖርም። ሰሊጡ ሊያርብኝ ነው፣ ጥሩ ጣሳውን ይዛ እየጠራችኝ ነው።